ከምንጭ በላይ ያለ ባሕር ዛፍ፦ ጉቶው ዳግም እንዳያቆጠቁጥ ምን ይደረግ? (ጎንደር ዙሪያ)

የምንጭ ኮሚቴ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልን ወገኖች። ጎንደር ዙሪያ ወረዳ ውስጥ 60 አባወራ የሚጠጣበት አንድ የጎለበተ ምንጭ አለ። ከምንጩ ዓይን ሽቅብ 12 ሜትር ሲኬድ ባሕር ዛፍ ይጀምራል። ግማሽ ቃዳ (1,250 ሜትር ካሬ) ይሆናል፣ ነጩ ዓይነት ነው። ከተተከለ 15 ዓመት አልፎታል፤ ሁለት ጊዜ ለአጠና ተቆርጦ ሁለት ጊዜም አቆጥቁጧል። ጉቶው ሲቆጠር ወደ 700 ነው፣ ከአንዱ ጉቶ ሦስትም አራትም ግንድ ቆሟል። የላይኛው ሲሶ ገደላማ ነው፤ የቀረው ለዘብ ያለ ተዳፋት።

ውኃው በጥቅምት 20 ሊትር ጀሪካን በ1 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ይሞላል። በመጋቢት 2 ደቂቃ ከ40 ይፈጃል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ሰኔ ግን ጠብ ጠብ ብቻ ነው። የማጠራቀሚያው ክዳን ሲነሣ ውስጡ ሥር ገብቶበታል።

ባለይዞታው የመጨረሻውን አጠና ሸጦ ቦታውን ለመልቀቅ ተስማምቷል፤ ቆራጮቹ ጥር ላይ ይገባሉ። ጉቶውን በምን እንግደለው፣ በመድኃኒት ወይስ በዶማ? ውኃውስ መቼ ይመለሳል? በቦታው ምን ይተከል? አንዳንዱ ሰው ዲከረንስ (ለከሰል የሚተከለውን ዛፍ) ትከሉ እያለ ነው።


አፈርና ውኃ

ቆራጮቹ ከመግባታቸው በፊት መጠየቃችሁ ጥሩ ነው፤ ግማሹ ሥራ የሚበላሸው በመጀመሪያው ቀን፣ በአቆራረጡ ነውና። የ15 ዓመት ሥር ከታች እንዳለ ሆኖ ግንዱ ብቻ ከተነሣ፣ በዓመት በዓመት ተኩል ውስጥ በዚያው ሥር ላይ ለጋ ቅጠል ይደራል። ሥሩ ድሮ የደረሰበት ጥልቀት ድረስ ደርሶ ይጠጣል፣ ቅጠሉ ደግሞ ከአሮጌው ይልቅ ንቁ ነው። ስለዚህ ጉቶው ካልሞተ ቆረጣው ለምንጩ የሚሰጠው እፎይታ የአንድ በጋ ብቻ ነው።

ባሕር ዛፍ የሚያቆጠቁጠው ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ በጉቶው ልጥ ሥር ተኝቶ ከቆየው እንቡጥ ነው። ሌላው ግንዱና ሥሩ በሚጋጠሙበት፣ አፈሩ ውስጥ ካለው እብጠት። ከእብጠቱ የራቀው ሥር ግን መሬት ውስጥ ቢቀርም ብቻውን አያበቅልም። ይህ ድካም ያቀልላችኋል፦ ሥሩን ሁሉ እየተከተሉ መቆፈር አያስፈልግም፣ እብጠቱ ከወጣ ይበቃል።

ለምንጩ ቅርብ የሆኑትን፣ ማለትም ከታች ያሉትን የመጀመሪያ ሰባት ስምንት ሜትሮች፣ ንቀሏቸው። እነዚህን ቆራጩ ከመሬት ጋር እኩል አድርጎ እንዳይቆርጣቸው አስቀድማችሁ ንገሩት። ወገብ ድረስ ግንድ ይተዉላችሁ፤ ኋላ ማንሻ ይሆናል። በጉቶው ዙሪያ ግማሽ ሜትር ራቅ ብሎ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆፈራል፣ ወደ ጎን የሚሄዱት ሥሮች በመጥረቢያ ይቆረጣሉ፣ ከዚያ ሁለት ሰው ግንዱን ወዲያና ወዲህ እየገፋ ያላላዋል። የታችኛውን ሥር በዲጂኖ ጫፍ በጥሰው ያነሡታል። ጉድጓዱን ያን ዕለቱኑ ሙሉት፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩም ጠቅጥቁት። ክፍት የቀረ ጉድጓድ ክረምት ላይ ጎርፍ ይይዝና የሞተውን ሥር ቦይ አድርጎ ድፍርሱን በቀጥታ ወደ ዓይኑ ያወርደዋል።

የመካከለኛውን ክፍል መላጥ ይበቃል። እዚህ ደግሞ አቆራረጡ ዝቅ ይበል፣ ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር። ጥር ላይ ልጡ እንጨቱን አጥብቆ ስለሚይዝ በእጅ አይላጥም። በመጥረቢያው ጀርባ ዙሪያውን ደብደብ ደብደብ አድርጉት፤ ድምፁ ከጠጣር ወደ ባዶ ሲለወጥ ለቅቋል ማለት ነው። ከዚያ የዲጂኖውን ጠፍጣፋ ጫፍ ከላይ ወደ ታች ማስገባት ነው። አፈሩን ቧጥጣችሁ ከመሬት በታች 15 ሳንቲ ሜትር ድረስ ላጡት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰንፋል፦ ከላይ ያለው ነጭ እስኪሆን ይላጥና አፈር ውስጥ ያለው አራት ጣት ልጥ ይቀራል፣ ክረምት ሲገባ ቡቃያው ከዚያች ይወጣል። ከተላጠ በኋላ አፈር አትመልሱበት፣ ፀሐይ ያድርቀው።

እሳት አትሞክሩ። ቅርንጫፉን ጉቶው ላይ ከምሮ ማቃጠል ከላይ ያጠቁረዋል እንጂ እብጠቱን አይደርስበትም። አፈሩን ግን ገላጣ ያደርጋል።

ከዚያ ክትትሉ ይቀጥላል። ቡቃያ ባያችሁ ቁጥር ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሳያልፍ በእጅ ወደ ታች ሸምጭቁት፤ ከነተጣበቀበት ልጥ ይላቀቅ። በማጭድ ከታጨደ ከአንዱ ቦታ አምስት ይወጣል። በክረምት በየወሩ፣ በበጋ በየሁለት ወሩ፣ ቢያንስ ለ18 ወራት። ከብትና ፍየል ቅጠሉን ስለማይበሉት “ግጦሽ ይጨርሰዋል” የሚለውን ተስፋ ተዉት።


ደን ባለሙያ

በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ገደላማው ሲሶ ላይ ግን ሌላ መንገድ አለ። እዚያ ጉቶ መንቀል አፈሩን በሙሉ መልቀቅ ነው። ልጥ እየላጡ 230 ጉቶ ለ18 ወራት መመላለስም በተግባር ሲቋረጥ ነው የሚታየው። ያ ክፍል ከዓይኑ 40 ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚርቅ፣ ግላይፎሴት የሚባለውን ፀረ አረም መድኃኒት በብሩሽ እየቀባችሁ ልትጠቀሙ ትችላላችሁ። በመርጫ መሣሪያ ግን በፍጹም አይሁን።

በሊትር 360 ግራም ያለውን ዓይነት ከእኩል ውኃ ጋር ቀላቅሉ። ውኃው የጠራ ይሁን፤ ግላይፎሴት ከሸክላ አፈር ጋር ስለሚጣበቅ በድፍርስ ውኃ ከተበጠበጠ ኃይሉን ያጣል። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፤ የቆርቆሮ ባልዲ ከመድኃኒቱ ጋር ተዋህዶ የሚቀጣጠል ጋዝ ይፈጥራል። ለአንድ ጉቶ 15 ሚሊ ሊትር ድብልቅ ብናስብ ለ230 ጉቶ 3 ሊትር ተኩል ያህል ነው፤ ዋናው መድኃኒት ከ2 ሊትር አይበልጥም ማለት ነው።

ሰውን በጥንድ መድቡ፦ አንዱ ቆራጭ፣ አንዱ ቀቢ። ከተቆረጠ በ5 ደቂቃ ውስጥ መቀባት አለበት፤ ካለፈ ፊቱ ደርቆ መድኃኒቱ አይገባም፣ ያኔ ስስ ሽፋን እንደ አዲስ ቆርጦ መቀባት ነው። ሰጋቱራውን ጠርጋችሁ ከልጡ ጀምሮ ወደ ውስጥ አራት ሳንቲ ሜትር ያለውን ቀለበት ብቻ ቀቡ። መሐሉ የሞተ እንጨት ነው፣ እዚያ የሚፈስ መድኃኒት ብክነት ነው። ፊቱ እርጥብ ሲል ይበቃል፣ ወደ አፈር ከወረደ በዝቷል። የተቀባው እንዲለይ ትንሽ የምግብ ቀለም ጨምሩበት። የጎማ ጓንትና ቦት ጫማ አይቅር፤ ጓንቱም ብሩሹም ምንጩ ላይ አይታጠብ።

ጊዜው ደግሞ ከዶማው ሥራ ጋር አንድ አይደለም። መድኃኒት የሚወርደው ዛፉ ውኃ እየሳበ በደንብ ሲንቀሳቀስ ስለሆነ ኅዳርና ታኅሣሥ ይሻላሉ፤ ዝናቡ ቆሟል፣ አፈሩ ግን ገና እርጥብ ነው። ለመላጥና ለመንቀል ደግሞ ዛፉ የተዳከመበት የካቲትና መጋቢት ጥሩ ነው። ስለዚህ ገደላማውን አስቀድሙ፣ የታችኛውን አዘግዩ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ጎን ለጎን የቆሙ ባሕር ዛፎች ሥራቸው ከመሬት በታች ሊጋጠም ይችላል። ወሰን ላይ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ካለ፣ የተቀባው ጉቶ መድኃኒቱን አሻግሮ የሰውየውን ዛፍ ሊያደርቅ ይችላል። ከወሰን 5 ሜትር ውስጥ ያሉትን በመላጥ ብቻ ሥሩ፤ አለበለዚያ ጉዳዩ ከምንጭ ወጥቶ ሽማግሌ ዘንድ ይሄዳል።


አፈርና ውኃ

በመጠኑም በአቀባቡም አልከራከርም። ግን የጎንደር ደጋ የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ውኃው የሚመጣው በስንጥቁ ነው እንጂ በአሸዋ ተጣርቶ አይደለም። 40 ሜትር በወረቀት ላይ ሩቅ ነው፣ በስንጥቅ ግን ቅርብ። 230 ጉቶን የሚከታተል ሰው ካለ እኔ ያለ መድኃኒት እመርጣለሁ። ውሳኔው የኮሚቴው ነው፤ ቢቀባም ባይቀባም የሚጠጣው ሕዝብ አስቀድሞ ይነገረው።


ምንጭ ጠጋኝ

እኔ ስለ ውኃው ልናገር። ልኬታችሁ ጥሩ ነው፣ ሒሳቡን እንጨርሰው። የመጋቢቱ 20 ሊትር በ160 ሴኮንድ ማለት በደቂቃ 7.5 ሊትር፣ በቀን 10,800 ሊትር ነው። 60 አባወራ በአምስት ሰው 300 ነፍስ ነው፤ በነፍስ ወከፍ 25 ሊትር ቢታሰብ የቀን ፍላጎቱ 7,500 ሊትር። ስለዚህ በመጋቢት ውኃው አላነሰም፤ ሌሊት የሚመጣው ሞልቶ እየፈሰሰ ነው። 10 ሰዓት ሌሊት ብቻ 4,500 ሊትር ይሄዳል። የ5 ሜትር ኩብ ማጠራቀሚያ ቢሠራ የመጋቢትን ወረፋ ዛፉ ሳይነካም ያቃልላል። ለሚያዝያና ለግንቦት ግን አይደርስም፤ የዛፉ ጉዳይ እዚያ ላይ ነው።

ሌላም ሒሳብ አለ፣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው። በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ቢወርድ ግማሽ ቃዳው ላይ የሚያርፈው 1,375 ሜትር ኩብ ነው። ምንጫችሁ በአማካይ በቀን 10 ሜትር ኩብ ቢሰጥ እንኳ በዓመት 3,650 ይሆናል። ስለዚህ ውኃው የሚመጣው ከዚያ ቁራሽ መሬት ብቻ አይደለም፤ ከላይ ካለው ሰፊ ተዳፋት ነው። ግማሽ ቃዳው ጉዳቱ የከፋው ውኃው ወደ ዓይኑ በሚያልፍበት ጉሮሮ ላይ ስለቆመና በጋውን ሙሉ ከዚያ ስለሚጠጣ ነው። ሲነሣ ለውጥ ይኖራል፤ ከላይ ያለው ተራራ ገላጣ ከሆነ ግን ለውጡ ግማሽ ነው።

መቼ ይመለሳል ላላችሁት፣ በአንድ ክረምት አትጠብቁ። በደቡብ አፍሪካ ሞኮቡላን በሚባል የምርምር ተፋሰስ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሕር ዛፍ ተተክሎ፣ በዘጠነኛው ዓመት ወንዙ ጭራሽ ደረቀ። ዛፉ በ16 ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ተጨፈጨፈ። ወንዙ ግን እንደ ቀድሞው ዓመቱን ሙሉ መፍሰስ የጀመረው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ምክንያቱም ሥሩ ጥልቅ ያለውን አፈር አድርቆት ስለነበር፣ ዝናቡ ያንን እስኪሞላ ወደ ወንዙ የሚተርፍ ውኃ አልነበረም። የእናንተ ቁራሽ ትንሽ ስለሆነ ያን ያህል ላይዘገይ ይችላል፤ ግን በሁለተኛው ዓመት ግንቦት ላይ “ምንም አልመጣም” ብሎ የሚቆጣ ሰው ስለሚኖር ከአሁኑ ንገሩት። ልኬቱን በየወሩ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት መዝግቡ፣ ጠዋት ሰው ሳይቀዳ።

ማጠራቀሚያው ውስጥ የገባው ሥር በግንቡ ስንጥቅ ነው የገባው። ውኃው በሚያንስበት በግንቦት ቦኖውን ዘግታችሁ ግቡ። እንደ ፀጉር ጉንጉን የሆነውን ሥር እየጎተታችሁ አትንቀሉ፤ ከነግንቡ ቁራጭ ይመጣል። ከግድግዳው ጋር እኩል አድርጋችሁ ቆርጣችሁ አውጡት፣ ስንጥቁን በመሮ አስፉና አንድ እጅ ሲሚንቶ ከሁለት እጅ የተነፋ አሸዋ ጋር አቡክታችሁ ድፈኑ። ወደ ዓይኑ በኩል ያለውን ውኃ ማስገቢያ ቀዳዳ ግን እንዳትደፍኑት፤ ይህ ሲሆን ውኃው ሌላ መውጫ ይፈልግና ምንጩ ቦታ ይለውጣል።

ከጥገናው በኋላ በክሎሪን ይታጠብ። ለ2 ሜትር ኩብ ማጠራቀሚያ ከ65 እስከ 70 በመቶ የሆነውን ዱቄት ክሎሪን 150 ግራም በባልዲ ውኃ በጥብጣችሁ ጨምሩ፤ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ያህል ይሆናል። 12 ሰዓት አቆይታችሁ ሙሉውን አፍስሱ፣ ሽታው እስኪጠፋም አስኪዱት። በዚያን ቀን ማንም እንዳይቀዳ አንድ ሰው ቦኖው ላይ ይቁም።

በመጨረሻም ከዓይኑ ሽቅብ 8 ሜትር ላይ የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ ቁረጡ፤ በጨረቃ ቅርጽ ይሁን፣ ሁለቱም ጫፍ ከምንጩ ጎን ወደ ታች ያውጣ። ከቦዩ ውጭ አጥር። በዚህ ክልል ውስጥ ከ50 ሳንቲ ሜትር በላይ መቆፈር የለም።


የምንጭ ኮሚቴ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልን። በማታ የሚፈሰውን አላሰብነውም ነበር። ገደላማውን በተመለከተ፦ ዛፉ በሙሉ በአንድ ጊዜ ቢቆረጥ ክረምት ላይ ናዳ አያመጣም ወይ? ደግሞስ ከላይ የዕርከን ሥራ ቢሠራ ውኃው ወደ ምንጩ ይሰርጋል ወይስ ጎርፍ ያጠራቅማል?


ደን ባለሙያ

ሥጋታችሁ ልክ ነው። ባሕር ዛፍ ሥር ያለው አፈር ቅጠሉ ለማገዶ ተጠርጎ ስለሚወሰድበት ባዶና ደረቅ ነው፤ የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ አይሰርግም፣ ይንሸራተታል። ገደላማውን ዳገቱን አግድም በሚያቋርጡ መስመሮች ክፈሉት። በመጀመሪያው ዓመት አንዱን መስመር ቁረጡ፣ ቀጣዩን ተዉት፤ የተተወው በሁለተኛው ዓመት ይነሣል። የሞቱት ጉቶዎች በቦታቸው ይቅሩ፣ አፈሩን ለተወሰኑ ዓመታት ይይዙታል። ጭራሮውንና ቅርንጫፉን ለማገዶ ሁሉንም አትስጡ፤ ግማሹን ከጉቶዎቹ ሽቅብ በኩል አግድም ደርድሩት፣ አፈር ይይዛል።

ዕርከኑን በተመለከተ፣ ውኃ የሚያሰርግ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ እሱም ከገደላማው በላይ ባለው ለዘብ ያለ መሬት ላይ ይሁን። 3 ሜትር ርዝመት፣ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 50 ጥልቀት፤ አንዱ 750 ሊትር ይይዛል፣ አርባው 30 ሜትር ኩብ። ደረጃውን በውኃ ልክ ለኩት፤ አንዱ ጫፍ ዝቅ ካለ ውኃው በዚያ ሞልቶ ፈርሶ ጎርፍ ይሆናል። ገደሉ ላይ ራሱ ግን አትቆፍሩ፣ ያ ነው ናዳ የሚጠራው። ይህ ሥራ ከጥር እስከ መጋቢት ካለው የተፋሰስ ዘመቻ ጋር ቢያያዝ ለብቻው ደቦ መጥራት አያስፈልጋችሁም።


የወገራ ሰው

ወንድም ዓለም፣ ዲከረንስን እርሱት። ከባሕር ዛፍ ያላነሰ ይጠጣል፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ እሳት ወይም ቁፋሮ ሲያገኘው ይበቅላል። በደቡብ አፍሪካ የሱ ወገን የሆኑት ከውኃ ዳር እንዲነቀሉ ከሚደረጉት ዛፎች ውስጥ ናቸው። ለከሰል የሚሆን የራሱ ቦታ አለው፣ ከምንጭ በላይ ግን አይደለም።

ከቦዩ ውስጥ፣ ከዓይኑ እስከ 8 ሜትር፣ ሣር ብቻ ይሁን፤ ማንኛውም ትልቅ ዛፍ፣ ዋርካም ቢሆን፣ ግንቡን ይሰነጥቃል። ከዚያ በላይ የባሕር ዛፉ ቦታ ላይ ደሾ ሣር በግንጣይ ትከሉ፤ በመስመሩ መካከል 50 ሳንቲ ሜትር፣ በግንጣዩ መካከል 10። ሰኔ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ሲይዝ ነው የሚተከለው። በመጀመሪያው ዓመት በባሕር ዛፉ ቦታ ሲቀጭጭ ታዩታላችሁ፤ አፈሩ ደክሟል፣ ፍግ ይፈልጋል። በግንጣዩ ሥር አንድ እፍኝ የበሰበሰ ፍግ ጣሉበት። ከ20 ሜትር በላይ ደግሞ ተራርቀው ብሳና፣ ወይራና ዶቅማ ይግቡ፤ 5 ሜትር በ5 ሜትር ይበቃል፣ ጥቅጥቅ ያለ አያስፈልግም።

ባለይዞታውን አትዘንጉት። አጠናውን አንዴ ሸጦ ከጨረሰ ቀጣዩ ገቢው ምንድን ነው? ሣሩን የሚያጭደው እሱ መሆኑ በጽሑፍ ይቀመጥ። በወሰኑ በኩል፣ ከምንጩ በራቀው ጥግ፣ ጌሾ ቢተክል በሁለተኛ በሦስተኛው ዓመት ቅጠል ይሸጣል። ይህ ካልሆነ ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ጥግ ላይ ቡቃያ ሲያይ ዝም ይለዋል፣ ማንም ሊፈርድበት አይችልም።

ለሸምጫቂዎቹም የቀን ቀጠሮ ስትይዙ በዓላቱን እዩ። “በየወሩ 12” ብላችሁ ብትቀጥሩ ሚካኤል ነው፣ 21 ማርያም፣ 29 በዓለ ወልድ፤ ሰው አይወጣም፣ ቡቃያው ግን ያድጋል። ወር በገባ በ8 ወይም በ15 አድርጉት። ጉቶዎቹን በኖራ ምልክት አድርጋችሁ ለየቤተሰቡ አከፋፍሉ፤ 60 አባወራ ስለሆናችሁ ለአንዱ ቤት ወደ 12 ጉቶ ይደርሰዋል፣ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። በሁለት ዙር ተከታትሎ ምንም ያላበቀለው ላይ ቀይ ቀለም ይቀባ፣ የቀረው ብቻ ይታይ።